አገልግሎታችሁን ለማግኘት የሌላ ኩባንያ ደንበኛ መሆን የለብንም

ግልጽ ደብዳቤ

ለመሥሪያ ቤቱ የዲጂታል አገልግሎት ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ መተግበሪያውን ለሚሠሩ ባለሙያዎች
ጉዳዩ፦ በድረ ገጽ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት በስልክ መተግበሪያ ብቻ እንዲሆን መወሰኑን ይመለከታል

ክቡራን፣

በቅርቡ ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አንብበናል። ማመልከቻ ማስገባት፣ ቀጠሮ መያዝና ክፍያ መፈጸም ከእንግዲህ በስልክ መተግበሪያ ብቻ እንደሚሆን፣ መተግበሪያው ከጉግል ፕሌይና ከአፕል አፕ ስቶር እንደሚወርድ፣ የድሮው ድረ ገጽም ደረጃ በደረጃ እንደሚዘጋ ይገልጻል። ለምን እንዲህ እንደተወሰነ አልተጻፈበትም። መተግበሪያውን መጫን የማይችል ሰው ምን ያድርግ የሚለውም አልተነሣም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ውሳኔው ደጅ ያስቀረን ተጠቃሚዎች ነን።

ስማችሁን ያልጠራነው ሆን ብለን ነው። ተመሳሳይ ውሳኔ ያሳለፉ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ነገሩ እኔንም ይመለከታል የሚል ሁሉ ለእኔ ተጻፈ ብሎ ይቁጠረው።

እኛ በየዕለቱ ሥራችንን በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ነን። ኮዱ ለማንም የሚታይ፣ ማንም ሊያሻሽለውና ሊያባዛው የተፈቀደለት ሶፍትዌር ማለታችን ነው። ኮምፒውተራችን ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለው ክፍት ሲስተም አለ። ድረ ገጽ የምንከፍተው በፋየርፎክስ፣ ደብዳቤ የምንጽፈው በሊብሬኦፊስ፣ ፊልም የምናየው በቪኤልሲ ነው። መንገድ ሲጠፋን የኦፕንስትሪትማፕን ካርታ ቀድመን ስልካችን ላይ አውርደነዋልና ያለ ኢንተርኔት እናየዋለን። ከቤተሰብ ጋር የምናወራው በሲግናል ነው፤ ፓስወርዶቻችን በኪፓስ ኤክስሲ ተቆልፈው እኛው ጋ ይቀመጣሉ። አንዳንዶቻችን ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን አንድሮይድ አንሥተን ሊኒየጅ ኦኤስ ወይም ግራፊን ኦኤስ ጭነናል፤ አፕ የምናወርደውም ክፍት ምንጭ አፖች ከሚገኙበት ከኤፍ-ድሮይድ ነው።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የተሰበሰቡበት ቡድን ይመስላቸዋል። አይደለም። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ አለ፤ በሕይወቱ አንድ መስመር ኮድ ጽፎ የማያውቀው ይበዛል። ወደዚህ የመጣነውም በየምክንያታችን ነው። አንዱ ያረጀ ኮምፒውተሩን መጣል ስላልፈለገ፣ ሌላዋ አንድ ጊዜ የፈለገችው ዕቃ በየገጹ ማስታወቂያ ሆኖ ሲከተላት ስለሰለቻት፣ ሌላው ደግሞ በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ መክፈል ስለከበደው። እናንተም እንደኛ ሁኑ አላልንም። የያዝነው ነገር አንድ ነው፦ ከእናንተ ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን ለመጨረስ መጀመሪያ ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል እንዲገባ ልታስገድዱት አይገባም።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችን መተግበሪያው ስልካችንን የሚፈትሽበት መንገድ ነው። አንዲት አባላችን ግራፊን ኦኤስ ያለበት ስልክ አላት። የደህንነት ማሻሻያ በየጊዜው ይደርሰዋል፤ ስልኩ በተነሣ ቁጥርም ሲስተሙ በሌላ ሰው እንዳልተነካካ ራሱ ያረጋግጣል። መተግበሪያችሁን በምትከፍትበት ጊዜ ዓርማችሁ ብቅ ይላል፣ ከዚያ «የስልክዎ ደህንነት ስላልተረጋገጠ መቀጠል አይችሉም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ከሥሩ «እሺ» የምትል አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን ስትነካ መተግበሪያው ይዘጋል። የወንድሟ ስልክ ለዓመታት አንድም ማሻሻያ ያልደረሰው ነው። እሱ ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ቤት፣ ያለ አንዳች ጥያቄ ገብቶ ጉዳዩን ጨረሰ።

ወደ እርዳታ መስመራችሁ ደወለች።

«ሌላ ስልክ ይጠቀሙ።»
«ይሄኛው ምን ሆነ?»
«ሲስተሙ አይቀበለውም።»
«ለምን አይቀበለውም?»
«ሲስተሙ ነው እንግዲህ።»

ያነጋገራትን ሠራተኛ አንወቅስም፤ የተነገረውን ነው የተናገረው። መልሱን የሚያውቁት ግን መተግበሪያውን የሠሩት ናቸው። መተግበሪያው በሚከፈትበት ጊዜ ፕሌይ ኢንተግሪቲ በሚባለው አገልግሎት በኩል ጉግልን ይጠይቃል፤ ጉግልም ስልኩ የሚሠራው እሱ በፈቀደው አንድሮይድ መሆን አለመሆኑን ይመልሳል። «ይህን ሲስተም ጉግል አጽድቆታል ወይ?» እና «ይህ ስልክ ደህና ነው ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እናንተ የመጀመሪያውን ጠይቃችሁ የሁለተኛውን መልስ ያገኛችሁ መስሏችኋል። ሁለተኛውን በእውነት ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድሮይድ ራሱ የስልኩን ቺፕ በቀጥታ የሚጠይቅ ማረጋገጫ አለው፤ የግራፊን ኦኤስ አዘጋጆችም መተግበሪያ ሠሪዎች በዚህ መንገድ ስልኩን እንዴት መቀበል እንደሚችሉ የሚያሳይ መመሪያ ለሁሉም አውጥተዋል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግን አንድ ሰው እንዲሠራው መታዘዝ አለበት።

ስልኩ ቢያልፍ እንኳ መተግበሪያውን ከፕሌይ ስቶር ለማውረድ የጉግል አካውንት ያስፈልጋል። አካውንቱ የራሱ ውል አለው፤ ውሉን የሚቀይረውም፣ አካውንቱን የሚዘጋውም ኩባንያው ነው። አካውንቱ የተዘጋበት ሰው ከኩባንያው ጋር ብቻ ሳይሆን ከእናንተም ጋር ይቆራረጣል፤ እናንተም ልትረዱት አትችሉም። በሩ ደግሞ እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ጉግል ማንነታቸውን እሱ ዘንድ ያላስመዘገቡ ሠሪዎች አፕ ከመስከረም 2026 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ እሱ ባጸደቃቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንደማይጫን አስታውቋል። ኤፍ-ድሮይድ ህልውናዬን አደጋ ላይ የሚጥል ነው ብሎ ተቃውሟል። የእናንተ ውሳኔ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ መሆኑን ልብ በሉልን።

ሁለተኛው ቅሬታ ገና ያልተዘጋውን ድረ ገጽ ይመለከታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ ነባር ኮምፒውተሮች የሌላቸውን ቺፕ ይጠይቃል። ጡረተኛው አባላችን ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ነበርና ልጁ ሊኑክስ ጫነለት፤ ማሽኑ ከበፊቱ ፈጠነ። ገጻችሁን ሲከፍት ግን «የሚጠቀሙት ሲስተም አይደገፍም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለም። ልጁ ፋየርፎክስን «እኔ ዊንዶውስ ላይ ነኝ» እንዲል አድርጎ አስተካከለው። ሌላ ምንም አልነካም። ገጹ ተከፈተ፣ ፎርሙ ተሞላ፣ ክፍያው አለፈ፣ ደረሰኙም ወጣ። ስለዚህ ገጹ በሊኑክስ ላይ ድሮም ይሠራል ማለት ነው፤ የከለከለው አንድ ሰው የጻፋት የስም መፈተሻ ናት። አንድ ሽማግሌ የራሱን ጉዳይ ለመፈጸም ኮምፒውተሩን ማስዋሸት ነበረበት?

ሦስተኛ፣ የመግቢያ ኮድ። እስካሁን ከፓስወርዱ በተጨማሪ የምናስገባውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር የምናገኘው እኛ ከመረጥነው አፕ ነበር። አሁን የእናንተ መተግበሪያ ብቻ እንዲሆን አድርጋችኋል። የተዋችሁት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011 አርኤፍሲ 6238 በሚል ቁጥር የወጣ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ደንብ ነው። መጀመሪያ ላይ ኪውአር ኮዱን ስናነሣ በእናንተ ሰርቨርና በእኛ ስልክ መካከል አንድ ምስጢራዊ ቁጥር እንጋራለን። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ያንን ቁጥርና ሰዓቱን ይዘን አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ እናሰላለን፤ ውጤቱ ከገጠመ በሩ ይከፈታል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ የስልክ ቁጥር አይፈልግም፣ ለመላኪያም ወጪ የለውም። ኤጂስን የመሰለ ክፍት አፕ ያደርገዋል፤ ኪፓስ ኤክስሲም ያደርገዋል። ይህን ጥላችሁ ስልካችንን በማይቀበለው መተግበሪያ ስትተኩት ወደ ድረ ገጹም የምንገባበት መንገድ አብሮ ተዘጋ። ማስታወቂያው ድረ ገጹ ደረጃ በደረጃ ይዘጋል ቢልም ለእኛ የተዘጋው ያን ዕለት ነው።

አራተኛው ክትትልን ይመለከታል። አብራችሁ የምትሠሩ አንድ የሕክምና ተቋም ያወጣውን የቀጠሮ አፕ፣ በአፕ ውስጥ የተሸጎጡ ትራከሮችን (ተጠቃሚውን የሚከታተሉ ኮዶችን) ለይቶ በሚያሳይ መሣሪያ አየነው። የማስታወቂያና የተጠቃሚ ክትትል ኮዶች ተገኙበት። የሚጠይቃቸው ፈቃዶች ውስጥ ያለንበት ቦታና የስልክ ማውጫችን አሉ። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ለመያዝ የጓደኞቻችን ስልክ ቁጥር ምን ይረባል? ሠሪዎቹን ስንጠይቅ «እኛ አልጨመርነውም፣ ከላይብረሪው ጋር የመጣ ነው» አሉ፤ ላይብረሪ የሚሉት ሌሎች የሠሩትን፣ አፕ ውስጥ የሚከተት ዝግጁ ኮድ ነው። ሐቀኛ መልስ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የራሳቸው አፕ ለማን ምን እንደሚልክ ሠሪዎቹ ራሳቸው አያውቁም ማለት ነው። አንድ ሰው የካንሰር ክፍል ቀጠሮ ገጽን መክፈቱ ብቻውን ምስጢር ነው፤ የሕመሙ ስም ባይጻፍም።

የሌላ ሰው ኮድ አፕ ውስጥ መክተት የግል ምስጢርን ብቻ አይደለም የሚነካው። እ.ኤ.አ. በግንቦትና በሐምሌ 2020 ፌስቡክ በራሱ ሰርቨር ላይ ለውጥ ሲያደርግ፣ ስፖቲፋይንና ፒንተረስትን ጨምሮ ብዙ የአይፎን አፖች ገና ሲከፈቱ ይዘጉ ነበር። በፌስቡክ የማይገቡ ሰዎች እንኳ አልተረፉም፤ የፌስቡክ ኮድ በአፖቹ ውስጥ ነበረና። የእናንተ ቀጠሮ፣ የእናንተ ክፍያ፣ ምንም በማታዙበት የሌላ ኩባንያ ስሕተት እንዲቆም ትፈልጋላችሁ?

በተቃራኒው ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም፣ ተላልፎም አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ አንድ የፍርድ ሂደት የሲግናል ተጠቃሚዎችን መረጃ በትእዛዝ ጠይቆ ነበር፤ ሲግናል ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነው። እምቢ ስላለ አይደለም፤ ሌላ የያዘው ስለሌለ ነው። ከእናንተ የምንጠብቀው ጥንቃቄ ይህን የመሰለ ነው።

አምስተኛውን ባጭሩ እንበለው። ፎርሞቻችሁ በማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል ብቻ ይመጣሉ፤ በሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ የሰንጠረዡ መስመር ይንሸራተታል፤ ተሞልተው ሲመለሱ «ፎርሙ ተበላሽቷል» ተብለው ይጣላሉ። ለጽሑፍ ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አይኤስኦ/አይኢሲ 26300 ተብሎ የጸደቀ ኦዲኤፍ የሚባል ክፍት ደረጃ አለ፤ ያ ካልተመቻችሁ በየትኛውም ኮምፒውተር የሚሞላ ፒዲኤፍ ይበቃል። ማስታወቂያዎቻችሁም አካውንት ከሌለን በማንገባበት ማኅበራዊ ገጽ ላይ ብቻ መለጠፋቸው ያው ችግር ነው።

በቃል ስናነሣ የሚሰጡን ሁለት መልሶች አሉ።

አንደኛው «እናንተ ጥቂት ናችሁ፤ ቁጥራችሁ በሪፖርታችን ላይ አይታይም» የሚል ነው። አይታይም፣ እውነት ነው። ሪፖርቱ የሚሠራው ገጹ ላይ በተቀመጠ የጎብኚ መቁጠሪያ ነው፤ ዩብሎክ ኦሪጅንን የመሰሉ ማገጃዎች መጀመሪያ የሚያግዱት ያንን መቁጠሪያ ነው። ክትትል የማይፈልጉ ሰዎችን በመከታተያ መቁጠር «የቀራችሁ ተማሪዎች እጅ አውጡ» እንደማለት ነው። የሰርቨራችሁን መዝገብ ብትመለከቱ የተሻለ ታገኛላችሁ፤ ምንም እንኳ ከመካከላችን ዊንዶውስ ነኝ ብሎ የገባ መኖሩን አሁን ብታውቁም።

ሁለተኛው «ኮዱ ክፍት የሆነ ነገር ለሌባ ይመቻል» የሚል ነው። ክፍት የሆነ ሁሉ ደህና ነው ብለን አንከራከርም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በሚባል በብዙ ሊኑክስ ላይ በሚገኝ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ኮድ፣ ተገኝቷል፤ ያስገባው ለረጅም ጊዜ በጎ ፈቃደኛ መስሎ አመኔታ ያተረፈ ሰው ነበር። ያጋለጠው ደግሞ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አየ፣ ነገሩ ስላልጣመው ሥሩን ተከታትሎ ኮዱ ድረስ ወረደ። ሊወርድ የቻለው ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው። በዝግ ፕሮግራም ቢሆን ያቺን ግማሽ ሰከንድ ተቀብሎ ከመቀመጥ በቀር አማራጭ አልነበረውም። ደግሞስ፣ መተግበሪያችሁ የሚሠራበት አንድሮይድ ራሱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በጀመረው በሊኑክስ ከርነል (በሲስተሙ እምብርት) ላይ አይደለም?

ሌሎች አድርገውታል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የጀርመን መንግሥት ያወጣው፣ በቫይረሱ ከተያዘ ሰው ጋር መቀራረብን የሚያስጠነቅቀው ኮሮና ዋርን አፕ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሥራ ሲጀምር ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ነበር። ያንን ኮድ ይዘው በጎ ፈቃደኞች ያለ ጉግል አገልግሎት የሚሠራ ዓይነት አዘጋጁና በዚያው ዓመት ኤፍ-ድሮይድ ላይ አወጡት፤ መንግሥት ተጨማሪ ሥራ ሳይሠራ እንደኛ ያሉ ሰዎች አገልግሎቱን አገኙ። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚያሠሩትን ሶፍትዌር ኮድ፣ የሦስተኛ ወገን መብት ወይም የደህንነት ምክንያት ካልከለከለ በቀር፣ ይፋ እንዲያደርጉ ያዛል። ዣንደርመሪ የሚባለው የፈረንሳይ ፖሊስ ኃይል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኮምፒውተሮቹን ኡቡንቱ ወደሚባለው የሊኑክስ ዓይነት አዛውሯል። የሙኒክ ከተማ በበኩሏ ለዓመታት በሊኑክስ ከሠራች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች፤ መሥሪያ ቤትን በሙሉ ማዛወር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ደስ የሚለው፣ የእኛ ጥያቄ ያን ያህል አይደርስም። በራሳችሁ ቢሮ ምንም ተጠቀሙ።

እንግዲህ ጥያቄዎቻችን እነዚህ ናቸው። ከሁሉ በፊት ድረ ገጹ እንዳይዘጋ፤ በመተግበሪያው የሚፈጸም ሁሉ በየትኛውም ዘመናዊ ብራውዘር፣ በየትኛውም ሲስተም እንዲፈጸም። ከቀሩት ጥያቄዎች አንዱንም መመለስ ባትችሉ ይህ ብቻ ቢፈጸም አብዛኞቻችን ጉዳያችንን እንጨርሳለን። የመግቢያ ኮዱ እንደ በፊቱ ባለቤቱ በመረጠው አፕ ይሁን፤ ይህ ከድረ ገጹ ጋር ተነጣጥሎ የሚታይ አይደለም፣ አንዱ ያለ ሌላው አይጠቅመንም። የሲስተም ስም የምትፈትሸዋ ኮድ ትነሣ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም።

መተግበሪያውን በተመለከተ፣ በፕሌይ ኢንተግሪቲ ያላለፈ ስልክ በር ከሚዘጋበት ማስጠንቀቂያ ይሰጠውና ኃላፊነቱን ወስዶ ይቀጥል፤ ወይም በስልኩ ቺፕ የሚደረገው ማረጋገጫ ይታከልበት። የመጫኛ ፋይሉ ከራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ፣ የእናንተ መሆኑን ከሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማው ጋር ይገኝ። ለሥራው የማያስፈልጉ ትራከሮችና ፈቃዶች ይውጡ፤ የቀሩት ለማን ምን እንደሚልኩ በግልጽ ቋንቋ ተጽፎ ይውጣ። ኮዱን መክፈት ብትችሉማ ይህን ሁሉ እኛው አይተን እንነግራችሁ ነበር። ይህን ግን ዛሬ ነገ ይሁን አንልም፤ ለሚቀጥለው የግዥ ውል ሰነድ ሲዘጋጅ አንድ አንቀጽ ሆኖ እንዲገባ ነው የምንጠይቀው። ፎርሞቹ በኦዲኤፍ ወይም በሚሞላ ፒዲኤፍ፣ ማስታወቂያዎቹም በራሳችሁ ገጽና በኢሜይል ይውጡ።

በእኛ በኩል እያንዳንዱ አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት በተለያዩ ስልኮችና ሲስተሞች ላይ ሞክረን ያገኘነውን ችግር ከነማሳያው በጽሑፍ ለመስጠት ዝግጁ ነን። ክፍያ አንጠይቅም። ባለሙያዎቻችሁ ሊያነጋግሩን ከፈለጉ በደስታ እንቀመጣለን።

ድረ ገጹ ከመዘጋቱ በፊት ምላሻችሁን እንጠብቃለን። በኢሜይል ወይም በወረቀት ይሁንልን፤ በመተግበሪያው የመልእክት ሳጥን ከላካችሁት አይደርሰንም።

ከአክብሮት ጋር፣

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ቡድን አስተባባሪ
ስለ ቡድኑ አባላት